በመርፌና በሌሎች ሕክምናዎች ጊዜ ሕመምን በቅዝቃዜ ማስታገስ፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መርፌ የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፤ ፍርሃቱን የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። በጎንደርና በዙሪያዋ ባሉ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ወረፋ የሚጠብቁ ታካሚዎችና አስታማሚዎች የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። መልሶቹ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ያስረዳሉ። ሐኪምዎ ለእርስዎ ለይቶ የሰጠውን ትእዛዝ ግን አይሽሩም።

ቅዝቃዜ ሕመምን የሚቀንሰው እንዴት ነው?

የሕመም ስሜት ከቆዳ ተነሥቶ ወደ አንጎል የሚደርሰው በነርቭ ነው። ነርቭ ሲቀዘቅዝ መልእክት የማስተላለፍ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የቆዳው ሙቀት ወደ 13 ወይም 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ደግሞ ቦታው መደንዘዝ ይጀምራል። በጥምቀት ማለዳ ከፋሲለደስ መዋኛ የወጣ ጎረምሳ ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውት የሸሚዙን ቁልፍ ሲያሳድድ ካዩ፣ የቀዘቀዘ ነርቭ ምን እንደሚመስል አይተዋል።

ሁለተኛም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ የሕመምን መልእክት የሚያሳልፍ ወይም የሚገታ «በር» አለ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ንክኪ፣ ንዝረትና ቅዝቃዜ ከሕመሙ ጋር አብረው ሲደርሱ ለሕመሙ የሚቀረው መተላለፊያ ይጠብበታል። በውጭ አገር ለልጆች የሚሠራ፣ የሚንዘረዘርና በረዶ የሚያያዝበት ንብ የመሰለ ትንሽ መሣሪያ የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

ነገሩ የዛሬ ግኝት አይደለም። የናፖሊዮን ጦር ሐኪም የነበረው ዶሚኒክ ዣን ላሬ እ.ኤ.አ. በ1807 በአይላው ጦርነት፣ ብርድ ያደነዘዛቸው ቁስለኞች እጅና እግራቸው ሲቆረጥ ሕመሙ እንደቀለላቸው አስተውሏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደግሞ ጄምስ አርኖት የተባለ ሐኪም በእንግሊዝ አገር በረዶን ከጨው ቀላቅሎ ቆዳ ያደነዝዝ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ቤትዎ እንዳይሞክሩት፤ ጨው የገባበት በረዶ ከዜሮ ዲግሪ እጅግ በታች ስለሚወርድ ቆዳን ይጎዳል።

በየትኛው ሕክምና ላይ ይረዳል? በየትኛውስ አይረዳም?

ሕመሙ ቆዳ ላይ ወይም ከቆዳ ሥር ቅርብ ከሆነ፣ የሚቆየውም ለአጭር ጊዜ ከሆነ ይረዳል። የጡንቻ መርፌ፣ የአዋቂዎች ክትባት፣ ለምርመራ የሚቀዳ ደም፣ የጥርስ ሐኪም ላንቃ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ ከዚህ ወገን ናቸው። ከደረት ቀዶ ሕክምና በኋላ ቱቦ ሲወጣም፣ ቀደም ብሎ ለ20 ደቂቃ ያህል በቱቦው ዙሪያ የተቀመጠ የበረዶ ከረጢት ሕመሙን እንደሚቀንስ የታየባቸው ጥናቶች አሉ።

ጥልቅ መግል የቋጠረ እብጠት ሲከፈት፣ የተሰበረ አጥንት ሲገጣጠም፣ ሰፊ ቁስል ሲሰፋ ግን በረዶ ብቻውን ምንም አይደለም። እዚያ ማደንዘዣ ያስፈልጋል። «በረዶ አድርገንልሃል፣ ቻለው» የሚባል ነገር ካለ መቃወም ተገቢ ነው። በጠቅላላው ቅዝቃዜ ሕመምን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ ያጠፋልኛል ብሎ የመጣ ሰው መርፌው ሲነካው ተታለልኩ ይላል።

ልጄ ለልቧ ሕመም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ትወጋለች። ቀኑ ሲቃረብ እንቅልፍ የላትም። ምን ላድርግ?

ከሁሉም ጥያቄዎች ይህ ይበልጥ ሊብራራ ይገባዋል። የልብ ቫልቭን የሚጎዳው የሩማቲክ ሕመም እንዳይመለስ የሚሰጠው ይህ መርፌ በየአራት ሳምንቱ ሲሆን በዓመት 13 ጊዜ ይሆናል። ብዙ ልጆች ቢያንስ እስከ 21 ዓመታቸው፣ ቫልቫቸው ክፉኛ የተጎዳው ደግሞ እስከ 40 ዓመታቸው ሊቀጥሉ ይችላሉ። ይህን ያህል ዓመት የሚያዘልቅ ሰው ሕመሙን ፈርቶ አንድ ወር ቢቀር ሊገርመን አይገባም፤ የቀረው ወር ግን ሕመሙ ተመልሶ ቫልቩን የበለጠ የሚያበላሽበት ወር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «መርፌ ነው፣ ያልፋል» ብሎ ማለፍ አይበጅም። ሕመሙን መቀነስ የሕክምናው አካል ነው።

መድኃኒቱ ወፍራም ነው። ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ ሲሰጥ ጡንቻ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲሟሟ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ ቦታውን ይወጥራል፤ መርፌውንም አንዳንዴ ይደፍነዋል። ለዚህም ነው በቀላል መርፌ ያልጮኸ ልጅ እዚህ ላይ የሚጮኸው።

ልጅቷ ከመወጋቷ በፊት በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ መርፌው በሚገባበት ቦታ ላይ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ይያዝላት። ከዚያ ቆዳው ይድረቅ፣ በአልኮል ይጠረግ፣ አልኮሉም እስኪተን ይጠበቅ፤ እርጥብ አልኮል ላይ የሚገባ መርፌ ያቃጥላል። ባለሙያው ከመውጋቱ በፊት ቦታውን በአውራ ጣቱ ለ10 ሰከንድ ያህል ጠበቅ አድርጎ ቢጫነው፣ መድኃኒቱንም ሳይቸኩል ቀስ አድርጎ ቢያስገባው ሕመሙ ይቀላል። ከማቀዝቀዣ የወጣ መድኃኒት ከሆነ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ መጠበቅ ያስፈልጋል። መቀዝቀዝ ያለበት ቆዳው ነው፤ መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ሕመሙ ይብሳል። ዱቄቱን በውሃ ፋንታ ሊዶኬይን በተባለው ማደንዘዣ መበጥበጥም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ውሳኔው ግን የባለሙያው ነው፣ ለሊዶኬይን አለርጂ ያለበት ሰውም መናገር አለበት።

አንድ ነገር እንዳይረሳ። ቫልቫቸው ክፉኛ የተጎዳ ሕሙማን በሕመምና በድንጋጤ ምክንያት የደም ግፊታቸው ድንገት ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ፤ ይህም ለእነርሱ አደገኛ ነው። ባዶ ሆዷን አትሂድ፣ ውሃ ጠጥታ ትሂድ፣ ተኝታ ትወጋ። ልቧ በጣም የደከመ ከሆነ ወደ ሚዋጥ መድኃኒት መቀየር ይቻል እንደሆነ ሐኪሟን ይጠይቁ።

ካላዛር የያዘው ወንድሜስ? እሱ በየቀኑ ነው የሚወጋው።

ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ከባድ ሕመም ነው፤ ይህም ከመተማና ከሑመራ የእርሻ ሥራ የሚመለሱ ብዙ ወጣቶች የሚያነሱት ጥያቄ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ለካላዛር በስፋት የሚሰጡት ሁለት መድኃኒቶች፣ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን፣ አብረው ለ17 ቀናት በየቀኑ በመርፌ ይሰጣሉ። በረዶው እዚህም ይረዳል፤ የሚወጋው ጎን በየቀኑ ይለዋወጥ። ነገር ግን ካላዛር ሰውን ያከሳል፣ ከቆዳው ሥር የሚከላከል ስብ አይተውለትም። ስለዚህ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ፣ ጨርቁም ወፈር ይበል። የተወጋው ቦታ ቀልቶ፣ ሞቆና ጠጥሮ ከቀረ በበረዶ ማባበል ትቶ ለሐኪም ማሳየት ነው።

በረዶ ከየት አመጣለሁ? መብራት ከጠፋስ?

ፋርማሲ የሚሸጠውን ሰማያዊ ከረጢት መግዛት ግዴታ አይደለም። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ሦስት አራተኛውን ውሃ ሞልተው ማታ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ቤቱ ላይ ያስተኙት፤ እስከ አፉ ከሞሉት ውሃው ሲረጋ ይሰነጥቀዋል። ጠዋት በፎጣ ጠቅልለው ይዘውት ቢወጡ ከአዘዞ እስከ መሀል ከተማ ሳይቀልጥ ይደርሳል። ከማክሰኝት ወይም ከቆላድባ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ፔርሙስ አለ፤ ቡናን ሙቅ አድርጎ የሚያቆይ ዕቃ የተፈጨ በረዶንም ያቆያል። ፍሪጅ የሌለው ሰው ከጎረቤት ወይም ከጁስ ቤት ጥቂት ቢጠይቅ የሚነፍገው የለም።

ለአካል የሚስማማው የተፈጨ በረዶ በትንሽ ውሃ ፌስታል ውስጥ ተደርጎ ሲታሰር ነው፤ ቆዳው ላይ ተለጥፎ ይተኛል፣ ጠርዙም አይቆረቁርም። ፌስታሉን በስስ ጨርቅ ይሸፍኑት። በረዶን በቀጥታ ቆዳ ላይ ማስቀመጥ አይገባም።

መብራት ጠፍቶ በረዶ ካልተገኘስ? በእንስራ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ የተነከረ ፎጣ ያረጋጋል እንጂ አያደነዝዝም። ለቀላል መርፌ ይበቃል፣ ለቤንዛቲን ግን ብዙ አይጠበቅበት።

ጤና ባለሙያዎች በክትባት ሳጥን ይዘውት የሚዞሩትን በረዶ ግን አይጠይቋቸው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት፤ ለእርስዎ ክንድ የተነሣ በረዶ የሰፈሩን ሕፃናት ክትባት ሊያበላሽ ይችላል።

ስንት ደቂቃ ላቆየው?

ለመርፌ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ በቂ ነው። መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ቀጥሎ ያቃጥላል፣ ከዚያ ትንሽ ይጠዘጥዛል፣ በመጨረሻ ይደነዝዛል። መርፌው መግባት ያለበት እዚህ የመጨረሻው ላይ ነው። በረዶው ከተነሣ በኋላ ድንዛዜው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስለሚጠፋ፣ ቤት ውስጥ አደንዝዞ ሄዶ ወረፋ መያዝ ከንቱ ድካም ነው። ስምዎ ሲጠራ ይጀምሩ።

ለሌላ ጉዳይም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከ20 ደቂቃ አይለፍ። ቆዳው ከነጣ፣ ከጠቆረ ወይም ውሃ ከቋጠረ ወዲያው ያንሡት።

ጉልኮስ ከመተከሉ በፊትም ይሆናል?

ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቅዝቃዜ የደም ሥርን ያጠብበዋል፤ ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት የብዙ ሰው የእጅ ደም ሥር ያለ በረዶም ይደበቃል። ደም ሥርዎ በቀላሉ የሚታይ ከሆነ ለጥቂት ሰከንድ ማቀዝቀዝ ይቻላል። የማይገኝ ከሆነ ግን ተቃራኒውን ያድርጉ፦ እጅዎን በጋቢ ጠቅልለው ያሙቁት፣ ውሃ ይጠጡ። በመጀመሪያው ሙከራ የተሳካ ሙቅ እጅ ሦስት ጊዜ ከተወጋ የደነዘዘ እጅ ይሻላል። የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ሰዎች ለእጥበት በተዘጋጀው የክንድ ደም ሥር ላይ ያለ ባለሙያው ፈቃድ በረዶ አያስቀምጡ።

በረዶ ብርድ አያስገባም? በተለይ ለአራስ?

እናቶቻችን አራስን ከብርድ የሚጠብቁት በምክንያት ነው፤ የደከመ ሰውነት ሙቀት ያስፈልገዋል። ነገር ግን መላ ሰውነትን ማቀዝቀዝና የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታን ለጥቂት ደቂቃ ማቀዝቀዝ ለየቅል ናቸው። በምጥ ጊዜ የተሰፋችና መቀመጥ ያቃታት እናት በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ስፌቱ ላይ ብታደርግ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እብጠቱና ሕመሙ ሊቀልላት ይችላል። ትከሻዋ ላይ ጋቢው ይኑር፣ አጥሚቱም ትኩስ ይሁን፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። አማት ወይም እናት «ከእኔ ቤት በረዶ አይገባም» ካሉ ጭቅጭቁ ከሕመሙ ሊብስ ስለሚችል፣ አዋላጇ ነርስ ራሷ ብታስረዳቸው ይሻላል። ሕመሙ በየቀኑ እየባሰ ከሄደ፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም ትኩሳት ካለ ግን ጤና ተቋም መሄድ ነው።

ለሕፃናትስ?

ለጨቅላ ሕፃን በረዶ አይደረግም። ቆዳው ስስ ነው፣ ሙቀቱንም ቶሎ ያጣል። ለእርሱ ከበረዶ የተሻለ መድኃኒት እናቱ ይዛለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር ሕፃን ሲከተብ ጡት እየጠባ ቢሆን፣ በወላጁ እቅፍ ቢያዝ፣ ብዙ መርፌ ካለ ይበልጥ የሚያመው መጨረሻ ላይ ቢሰጥ ሕመሙ እንደሚቀንስ ገልጿል። ከክትባት በፊት ለሕመሙ ተብሎ ፓራሲታሞል መስጠትን አይመክርም።

ከፍ ላሉ ልጆች በረዶ ይሆናል፤ ልጁ ራሱ ይያዘው። በእጁ የያዘው ነገር ያለው ልጅ የሚመጣበትን ብቻ አያይም። «አያምህም» ብሎ መዋሸትም ሆነ «ካለቀስክ ደግሞ ትወጋለህ» ብሎ ማስፈራራት የሚቀጥለውን መርፌ ያከብደዋል። መርፌን የልጅ መቅጫ ያደረገ ቤተሰብ ሐኪም ቤት ደርሶ ልጁ ለምን ይጮኻል ብሎ ሊገረም አይገባም።

ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) የሚወስዱ ሰዎች በረዶ ይመጥጣሉ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

ለአንዳንድ መድኃኒት እውነት ነው። ፍሎሮዩራሲል የተባለው መድኃኒት በአንድ ጊዜ ፈጥኖ በደም ሥር ሲሰጥ አፍን ያቆስላል። መድኃኒቱ ከመሰጠቱ 5 ደቂቃ ቀደም ብሎ ጀምሮ በጠቅላላው ለ30 ደቂቃ ያህል የተፈጨ በረዶ አፍ ውስጥ ማዟዟር ቁስሉን ይቀንሳል፤ ቅዝቃዜው የአፍን ደም ሥር ስለሚያጠብብ ወደዚያ የሚደርሰው መድኃኒት ያንሳል። በረዶው ፈልቶ ከቀዘቀዘ ውሃ የተሠራ መሆን አለበት፤ ኬሞ የሚወስድ ሰው ተቅማጥን የሚቋቋምበት አቅም የለውም።

ኦክሳሊፕላቲን ለሚወስድ ሰው ግን በረዶ ጠላት ነው። ይህ መድኃኒት ነርቭን ለቅዝቃዜ እጅግ ስሱ ያደርገዋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ መጠጣት እንኳ ጉሮሮን የሚያንቅ ስሜት ይፈጥራል፣ ጣትንም እንደ መርፌ ይወጋል። ሁለቱ መድኃኒቶች ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚታዘዙ፣ አልጋ ጎረቤትዎ በረዶ መጠጠ ብለው እርስዎ አይጀምሩ። የኬሞ መድኃኒት ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ከፈሰሰም አንዳንዱ ቅዝቃዜ፣ አንዳንዱ ሙቀት ይፈልጋል፤ ወዲያው ነርስ መጥራት እንጂ በራስ መገመት አይቻልም።

በረዶ የማይፈቀድለት ማን ነው?

ቅዝቃዜ ሲነካው ጣቶቹ ነጥተው የሚደነዝዙበት፣ በብርድ ቆዳው የሚያብጥና የሚያሳክከው፣ የእግሩ ደም ዝውውር የተዳከመ፣ የሲክል ሴል የደም ሕመም ያለበት ሰው አይጠቀም። ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ግን ስሜት የሌለው ቆዳ ነው። ስኳር የቆየበት ሰው እግር፣ የሥጋ ደዌ ያደነዘዘው ቦታ፣ ወይም ወገቡ ላይ ማደንዘዣ ተወግቶ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ገና የወጣ ሰው ጭን በረዶው ሲያቃጥለው አያውቅም። ያልተሰማ ጉዳት ደግሞ ቁስል ሆኖ ነው የሚገኘው። ክፍት ቁስል ላይም በረዶ አይቀመጥም።

ቁንጭር በቅዝቃዜ ይታከማል ይባላል። ይሄ ያው ነው?

አይደለም። ቁንጭር ለሚባለው የቆዳ ቁስል የሚሆነው ቅዝቃዜ 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ ሥራውም የታመመውን ሥጋ አቀዝቅዞ መግደል ነው። የማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ቁስልን በቅዝቃዜ ማከምም ከዚሁ ወገን ነው። ሕመም ከማስታገስ ይልቅ ራሱ ሕመም ያስከትላል፤ በባለሙያ እጅ ብቻ የሚሠራ ነው። የቤት በረዶ ቁንጭር ላይ ማድረግ ምንም አይፈይድም።

ነርሷ ሥራ በዝቶባታል። እንዴት ልጠይቃት?

አስቀድመው ይዘጋጁ። በረዶውን ጠቅልለው ይዘው «ሲስተር፣ ከመወጋቴ በፊት ይህን ለአንድ ደቂቃ ላድርገው?» ቢሉ አብዛኞቹ እሺ ይላሉ፤ ከፊትዎ ያለው ሰው ሲወጋ የእርስዎ ደቂቃ ያልቃል። እምቢ ካለች ምክንያቷን ይጠይቁ። ምናልባት ደም ሥሩ እንዳይደበቅባት፣ ምናልባት ያጸዳችው ቦታ እንዳይነካባት ፈርታ ይሆናል። በአልኮል ከተጠረገ በኋላ በረዶ መመለስ በእርግጥም አይፈቀድም።

ቃጠሎና የእባብ ንክሻ ላይ በረዶ ላድርግ?

አያድርጉ። ቃጠሎ ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስበት እንጂ በረዶ አይቀመጥበትም፤ የተጎዳውን ሥጋ ጨርሶ ይገድለዋል። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙናና ቡናም አይቀቡት። በቆላው አገር እባብ የነደፈውን ሰው ደግሞ በረዶም፣ በምላጭ መብጣትም፣ በገመድ አጥብቆ ማሰርም አይጠቅመውም። የተነደፈው እጅ ወይም እግር ሳይንቀሳቀስ፣ ቀለበትና አምባር ወልቆ፣ ፈጥኖ ሆስፒታል ይድረስ።